የግራው የፊት ጎማ

ከወረቀት ፋብሪካ በጡረታ ስወጣ፣
ጉልበቴ እዚያው ቀረ፤ ቀሪው ሰውዬ መጣ።
ታላቁ ሐይቅ አጠገብ፣ ከሚሺጋን ሰሜን ጫፍ፣
አምስት ሄክታር ጫካ ገዛሁ፣ ያለ መንገድ፣ ያለ ደጃፍ።
ነፋስ የጣለውን ግንድ ማን ያወጣል በትከሻ?
«ፈረስ ግዛ» አለች ላይላ። ፈረስ ይበላል እስከ መጨረሻ፣
ሥራ ባይኖረውም ይበላል፣ በረዶውን ሙሉ ቆሞ፤
እኔ የምሻው ሲሠራ ብቻ የሚጠጣ፣ ሲያርፍ የሚተኛ ጾሞ።

ሄልሚ ኪቬላ ዘንድ አለ ሲሉኝ፣ ሄድኩ በጭቃ፤
ባሏ አርቮ ካረፈ ወዲህ ጎተራው አልነቃ።
ሸራውን ገለጥን። ቀይ ነበረ ድሮ፤
አሁን የደረቀ ዛላ በርበሬ፣ መጥቆር ጀምሮ።
ከበሬ ያነሰ፣ ከሣር ማጨጃ የበለጠ፣
አፍንጫው አጭር፣ መቀመጫው የተላጠ።
ዕድሜው ከእኔ አይርቅም፤ ስልሳን ተሻግሯል፤
የአየር ማጣሪያው ውስጥ የአይጥ ቤተሰብ ሠፍሯል።
«ስንት?» አልኩ። «ስምንት መቶ።» «ስድስት» አልኩ እየሳቅሁ።
«ስምንት መቶ» አለች ደግማ፤ ዓይኗን ሳይ ሳቄን ዋጥሁ።
«የኋላ ማርሹ አይገባም፤ አውቀህ ግዛው፣ በኋላ እንዳትወቅሰኝ፤
አርቮም ማፈግፈግ አያውቅም ነበር፤ አርባ ዓመት በዚሁ አስረጀኝ።»
ገንዘቡን ቆጠርሁ። እሷም ቆጠረች፣ ደገመች፤
ብሎን የሞላ የብስኩት ቆርቆሮ «አብሮ ነው» ብላ ጨመረች።

ከዚያ የበረዶውን ወራት፣ ጋራዥ ውስጥ በጓንት፣
ካርቡሬተሩን ፈትቼ ቤንዚን ውስጥ ነከርሁ፣ ሁለት ቀን ከአንድ ሌሊት።
የተበላውን ቺንጊያ ጣልሁ፤ ካንዴላውን ቀየርሁ፤
ፑንቲናውን የሞረድሁት በላይላ የጥፍር ሞረድ ነው፤
እሷ ስትፈልገው፣ እኔም አብሬ ፈለግሁ።
ራንዳል ፔልቶ ከብረት ክምሩ ሰንሰለት ሸጠልኝ፣
ለኋላ ጎማዎቹ፤ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተትብኝ።
ክብደት ሲያንሰው፣ ሲሚንቶ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ጋገርሁ፣
ሁለት ክብ ድፎ የሚያህል፤ ግራና ቀኝ አሰርሁ።
የጀልባ መጎተቻ ተቆርጦ የግንድ ጋሪ ሆነ፤
ከፊት የበረዶ መግፊያ ገባ፣ ከኋላ ዊንች ተጫነ።
ወንበሩ ካረጀ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የተነቀለ፣
«ካርላ» የሚል ስም በቢላ የተቀረጸበት፤
ማን ያውቃል፣ ማን ስለማን እንዳለ።

ሚያዝያ ላይ ገመዱን ሳብሁ፤ አንዴ ሳል፣ አንዴ ዝም፤
በሦስተኛው አጓራ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያስቆመውም።
አቆመው እንጂ ጫካው፣ በሁለት በርች መካከል፤
የሲሚንቶ ድፎዬ አላሳልፍ አለ፣ በአንድ ጣት ያህል።
ወደ ኋላ አይሄድ፤ ወደ ፊት መንገድ የለ፤
የሄልሚ ነገር አሁን ገባኝ፤ ሰውዬው ስንቴ እንዲህ ዋለ!
ላይላ በእግሯ መጣች፣ መጋዝ ሳይሆን ሳንድዊች ይዛ፤
በላን። «ዛፉን ነው ወይስ ድፎውን?» አለች እንደ ዋዛ።
ድፎውን ፈታሁ። ዛፎቹ አሁንም እዚያው ናቸው፤
መንገዱን በእነሱ ለካሁ፤
ከትራክተሩም ከእኔም ይበልጣል ዕድሜያቸው።
አሁን የወደቀ ግንድ በዊንቹ እየተጎተተ ይመጣል፤
ውርጩ ሳይገባ፣ ሦስት ረድፍ ማገዶ ከቤቱ ጥግ ይከመራል።

አንድ ቀን ብሎን ሳጣ፣ የብስኩት ቆርቆሮውን ገለበጥሁት፤
ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት፣ በእርሳስ የተጻፈ አገኘሁት።
ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ቅባት፣ ካንዴላ፣ ዓመት በዓመት፤
ወደ ታች ፊደሉ ይንቀጠቀጣል፤ እጁን አየሁት።
የመጨረሻው መስመር፦ «የግራው የፊት ጎማ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል።
ነገ።»
ከዚያ በታች ባዶ ነው፤ ዘይት የነካው አውራ ጣት ብቻ ደርሷል።

ጎማው እስከ ዛሬ ይተነፍሳል። ማስጠገን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤
ራንዳል በነፃ ያደርገዋል፤ እኔ ግን አልሄድም።
ጠዋት ጠዋት በእጅ ፓምፕ ሠላሳ ጊዜ እገፋለሁ፤
ላይላ «መቼ ነው የምታሠራው?» ስትለኝ፣
«ነገ» እላለሁ።